ከኬፕ ኮድ ማዶ የተገኘው ሸርጣን



ስለ ሸርጣን ይወራል ተብሎ የዕረፍት ምሽቱን የሚሰጥ ሰው በእኛ መካከል ብዙ አይደለምና፣ መምጣታችሁን እንደ ውለታ እቆጥረዋለሁ። አብዛኞቻችን ባደግንበት ቤት ሸርጣን አይበላም። ኦሪት ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ ፍጥረት ከልክሏል፤ እናቶቻችንም ምክንያቱን ሳይዘረዝሩ «ኧረ በስመ አብ!» ብለው ነገሩን ይዘጉታል። ይሁንና ሜሪላንድና ቨርጂኒያ እየኖሩ ሸርጣንን አላውቅም ማለት አይቻልም። የምግብ ቤት ማስታወቂያ ላይ አለ፣ መኪና ላይ ተለጥፏል፣ ቲሸርት ላይ ታትሟል። በበጋ ባልቲሞር ወደብ አካባቢ የሚነዱ ወንድሞቻችን፣ በእንፋሎት ሲበስል የሚነሰነስበትን የቅመም ሽታ መስኮት ዘግተውም አያመልጡትም። ሜሪላንድ ሰማያዊውን ሸርጣን በ1989 በሕግ ከግዛቲቱ ምልክቶች አንዱ አድርጋዋለች። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልናገር።

ዛሬ የማወራው ይህ ጎረቤታችን ካልተጠበቀበት ቦታ ሲገኝ ምን እንደምንል ነው። አንድ እንስሳ ይኖርበታል ከተባለው ክልል ውጭ ተያዘ ሲባል ዜናው ወዲያው «ወረራ» ይላል፣ ወይም «የአየር ንብረት ለውጥ»። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። እኔ ግን ከሁለቱም የሚቀድም ጥያቄ አለ ባይ ነኝ፦ ተገኘ ነው ወይስ ይኖራል? መገኘት ሌላ፣ መኖር ሌላ ነው። በሁለቱ መካከል አንዳንድ ጊዜ አንድ ክረምት አለ፣ አንዳንድ ጊዜ ሰባ ዓመት።

መጀመሪያ እንስሳውን እንተዋወቀው። ዋናተኛ ሸርጣኖች ከሌሎቹ የሚለዩት በመጨረሻዎቹ ሁለት እግሮቻቸው ነው። የሌላው ሸርጣን የኋላ እግር ጫፉ ሹል ነው፤ መራመጃ ነው። የእነዚህ ግን ጫፉ ጠፍጣፋና ሰፊ ስለሆነ ውሃውን እየቀዘፈ ወደ ጎን ይነዳቸዋል። ሰማያዊው ሸርጣን ጀርባው ሲታይ እንደ ስሙ ሰማያዊ አይደለም፣ ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ ሰማያዊው ያለው መቆንጠጫዎቹና እግሮቹ ላይ ነው። ከዓይኑ ወዲህ በግራም በቀኝም ዘጠኝ ዘጠኝ ጥርስ ተደርድሮለታል፤ ዘጠነኛው ረዝሞ እንደ እሾህ ወደ ውጭ ወጥቷል። ሳያስተውል ያነሣውን ሰው መዳፍ የሚወጋው እሱ ነው።

ገልብጣችሁ ሆዱን እዩ። ሆዱ ላይ የተለጠፈ ክዳን አለ። የወንዱ ክዳን ጠባብና ረዥም ነው፣ የአዋቂዋ ሴት ክዳን ሰፊና ክብ ነው። የአካባቢው ሰው የወንዱን የዋሽንግተን ሐውልት፣ የሴቷን የካፒቶሉ ጉልላት ይለዋል፤ እዚህ ከተማ ለሚኖር ሰው ከዚህ የተሻለ ማስታወሻ አይገኝም። ገና ያልደረሰችው ሴት ክዳኗ ባለ ሦስት ማዕዘን ነው። ይህን የሆድ ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

ዋናው ነገር አወላለዷ ላይ ነው። ሴቲቱ የምትገናኘው በሕይወቷ አንድ ጊዜ፣ ለአካለ መጠን የሚያደርሳትን የመጨረሻ ቅርፊት ስትቀይር ነው። የወንዱን ዘር አኑራ ከአንድ ዙር በላይ እንቁላል ታፈራበታለች። ከዚያ ወንዶቹን ጨው ባነሰበት የላይኛው ውሃ ትታ፣ ወደ ቼሳፒክ ወሽመጥ አፍ፣ ኬፕ ቻርልስና ኬፕ ሄንሪ ወደሚተያዩበት ጨዋማ ውሃ ትወርዳለች። ሆዷ ሥር የምትሸከመው እንቁላል ከሚሊዮን ሊያልፍ ይችላል። ሲፈለፈል የሚወጣው እጭ ሸርጣን አይመስልም፤ ዓይን እምብዛም የማያየው ተንሳፋፊ ነው። ሞገድ ወደ ክፍት ውቅያኖስ ይወስደዋል፤ እዚያ ከአንድ ወር በላይ እየተንሳፈፈ ደጋግሞ ቅርፊት ይቀይራል፤ ያልተበላው በባሕር ሙላት ታዝሎ ወደ ዳር ይመለሳል። ወደ የትኛው ዳር? እሱ የነፋስና የሞገድ ውሳኔ ነው።

አገር ቤት ጅረት ውስጥ ድንጋይ ስንገለብጥ የምናገኘው ሸርጣን እንዲህ አያደርግም። የወንዝ ሸርጣን ልጆች ከእንቁላል ሲወጡ ከመነሻው ትናንሽ ሸርጣኖች ናቸው፤ እናታቸው ሆድ ሥር ተሸጉጠው ይቆዩና እዚያው ሰፈር ይቀራሉ። ከአንዱ ተፋሰስ ወደ ሌላው ለመሻገር ብዙ ዘመን ይፈጅባቸዋል። የባሕሩ ሸርጣን ግን ልጆቹን በየዓመቱ ዕጣቸው ወዳደረሳቸው ይበትናል። ስለዚህ የዋናተኛ ሸርጣን ወሰን አዋቂው ዋኝቶ በደረሰበት አይለካም። እጩ ደርሶ፣ አድጎ፣ ክረምቱን ተርፎ፣ እንደገና በወለደበት ነው።

ወደ ሰሜን እንሂድ። የሰማያዊው ሸርጣን አገር ሰፊ ነው፤ በደቡብ አርጀንቲና ድረስ ይዘልቃል። በሰሜን ለረዥም ጊዜ ወሰን ተደርጎ የሚጻፍለት ማሳቹሴትስ ውስጥ ያለው ኬፕ ኮድ ነው። ኬፕ ኮድ ወደ አትላንቲክ የወጣ የታጠፈ የአሸዋ መሬት ነው። ከእሱ በስተደቡብ ያለው ውሃ በበጋ ደህና ይሞቃል፤ በስተሰሜን ያለው የሜይን ባሕረ ሰላጤ ግን ከላብራዶር በኩል የሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ይገባዋል። ከሁለቱም ወገን ብዙ የባሕር ፍጥረት እዚያ ሲደርስ ይቆማል። ሰማያዊው ሸርጣን ውሃው ወደ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ መብላቱንም መዋኘቱንም ትቶ ጭቃ ውስጥ ይቀበራል። ቅዝቃዜው ከበረታና ከረዘመ ከተቀበረበት አይነሣም።

በ2012 የሰሜን ምዕራብ አትላንቲክ ከተለመደው እጅግ ሞቀ። ሜይን ውስጥ ሎብስተር ከወቅቱ ቀድሞ በብዛት ተያዘና ዋጋው ወደቀ፤ አሳ አጥማጁ የሙቀቱን ነገር በቴርሞሜትር ሳይሆን በኪሱ አወቀው። በእነዚያ ዓመታት ነው ከቦስተን በስተሰሜን፣ ግሬት ማርሽ በሚባለው ሰፊ የጨው ረግረግ፣ ሰማያዊ ሸርጣን የታየው። ቦታው ከኬፕ ኮድ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ነው። የመዘገበው በቨርጂኒያ የባሕር ሳይንስ ተቋም የሚሠራው ዴቪድ ጆንሰን ሲሆን፣ እዚያው ረግረግ ውስጥ ሌላ የደቡብ ሸርጣን፣ ወንዱ አንድ እጁ ከሌላው እጅግ የሚገዝፈውን ፊድለር ሸርጣን፣ አግኝቶ በ2014 ጽፎ ነበር። ስለ ሰማያዊው የጻፈው በ2015 ወጣ። ርዕሱ የሰሜን ወሰኑ ስለ መስፋቱ ይናገራል፤ መጨረሻው ላይ ግን የጥያቄ ምልክት አለ።

እኔ ያቺን የጥያቄ ምልክት ከጽሑፉ ሁሉ አብልጬ እወዳታለሁ። ሰው አዲስ ነገር አገኘሁ ሲል ድምፁን ከፍ ማድረግ ነው የሚቀናው። ሸርጣኑ መኖሩ አላጠያየቀም፤ ተይዟል፣ ታይቷል። ያጠያየቀው ሰፍሯል ወይስ አልፎ ሂያጅ ነው የሚለው ነው። የቆዩ መዛግብት ሲገለበጡ በ1950ዎቹም፣ ባሕሩ ሞቅ ባለበት ጊዜ፣ ሰማያዊ ሸርጣን በሜይን ባሕረ ሰላጤ ታይቶ ነበር። ታየ እንጂ አልዘለቀም። ስለዚህ የዛሬው እንግዳ ከያኔው በምን ይለያል ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

መልሱ የሚገኘው ቅድም ያዙልኝ ባልኩት ሆድ ላይ ነው። አንድ ትልቅ ወንድ ብቻ ከተያዘ ብዙ አይነግረንም። ምናልባት ከደቡብ በበጋው ሙቀት ዋኝቶ መጥቶ ይሆናል፤ ከ1914 ጀምሮ የኬፕ ኮድ ቦይ አንገቱን ስለሚያቋርጠው ዙሪያውን መሄድም የለበትም። ጉልላቱ የሰፋ ሴት ከተገኘች ወሬው ይከብዳል፤ እንቁላል ተሸክማ ከተገኘች ይበልጥ ይከብዳል። ከሁሉ በላይ የምፈልገው ግን ትልቁን አይደለም። በሚያዝያ ወይም በግንቦት፣ ውሃው ገና ሳይሞቅ፣ ከጭቃው የሚወጣውን አውራ ጣት የሚያክል ልጅ ነው። እሱ ባለፈው በጋ ገብቶ ክረምቱን እዚያው አሳልፏል ማለት ነው። ይህ ደግሞ በተከታታይ ዓመታት መታየት አለበት። ይህን የሚያሟላ ሥራ ፎቶ አይወጣውም፤ ወጥመድ መጣል፣ ማንሣት፣ ባዶ መሆኑን መመዝገብ ነው። ባዶ ወጥመድ መመዝገቡን አትናቁት። ካልተመዘገበ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሸርጣን ሲገባበት «አዲስ ነው» ለማለት መረጃ የለንም።

እርግጥ ጊዜው የ1950ዎቹ አይደለም። አንድሩ ፐርሺንግና ባልደረቦቹ በ2015 በሳይንስ መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ከ2004 እስከ 2013 ባለው ጊዜ የሜይን ባሕረ ሰላጤ ከዓለም ውቅያኖስ 99 በመቶው በበለጠ ፍጥነት ሞቋል። ሜይን ዌልስ ውስጥ ባለው ጥብቅ የወንዝ አፍ ሥፍራ ተመራማሪዎች ሸርጣኑን በወጥመድ እየያዙ ምልክት አድርገው ይከታተሉታል። የውርርድ ሰው ብሆን ለሸርጣኑ እፈርድ ነበር፤ ነገር ግን ውርርድ ማስረጃ አይደለም።

እስካሁን ያወራሁት በራሱ መንገድ ስለሄደ ሸርጣን ነው። ሌላው ወገን ተጭኖ የሄደው ነው። መርከብ ጭነቱን ሲያራግፍ ሚዛኑ እንዳይዛባ የባሕር ውሃ ወደ ሆዱ ይስባል፣ ሌላ ወደብ ደርሶ ሲጭን ይደፋዋል። ያ ውሃ ባዶ አይደለም፤ ወር ሙሉ እየተንሳፈፈ መኖር ለለመደ እጭ የተመቸ ማጓጓዣ ነው። ሰማያዊው ሸርጣን በአውሮፓ ጠረፍ መጀመሪያ የተመዘገበው በፈረንሳይ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ነው፤ በሰሜን አድሪያቲክ ደግሞ በ1949። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት አልፎ አልፎ ይታይ እንጂ ማንም አጀንዳ አላደረገውም። በ2023 በጋ ግን የፖ ወንዝ ወደ አድሪያቲክ በሚገባበት ደለላማ ዳርቻ እንደ ጉድ ፈላ። ክላም የሚባለውን፣ በሁለት ክዳን ተዘግቶ አሸዋ ውስጥ የሚኖረውን ፍጥረት የሚያረቡ ሰዎች ማሳቸውን ባዶ አገኙት፤ ሸርጣኑ ጫጩቱን ሳይቀር ሰብሮ በልቶታል። ጣልያን በአውሮፓ በክላም ምርት ቀዳሚ ናት፤ ስለዚህ ነገሩ የመንግሥት ጉዳይ ሆነ፤ ሸርጣኑን ለሚያጠምዱና ለሚያስወግዱ 2.9 ሚሊዮን ዩሮ ተመደበ።

እዚህ ላይ ጣልያኖቹን የማይጎዳ አንድ ጎንዮሽ ነገር ልበል። ሸርጣኑ ፈጀው ተብሎ የተለቀሰለት ክላም ራሱ የአድሪያቲክ ተወላጅ አይደለም። ከእስያ መጥቶ በ1983 ቬኒስ ሐይቅ ውስጥ ሆነ ተብሎ የተለቀቀ ነው። አርባ ዓመት ሲያበላ የኖረ መጤ «የእኛ» ይባላል፤ ሰባ ዓመት ልብ ሳይባል ኖሮ የበላ መጤ «ወራሪ» ይባላል። ስያሜውን የሚሰጠው ባዮሎጂ ሳይሆን የገበያው ሒሳብ ነው። ለማንኛውም ከ1949 እስከ 2023 ያለውን ርቀት ልብ በሉት። በመጀመሪያው ቀን የተገኘውን አንድ ሸርጣን አይቶ የመጨረሻውን ቀን መተንበይ የሚችል ሰው አልነበረም፤ ዛሬም የለም።

ሁለተኛው ምሳሌዬ ከኒውዚላንድ ነው። በመስከረም 2000 ኦክላንድ ወደብ፣ ዋይቴማታ በሚባለው ውሃ፣ አሳ አጥማጆች መረባቸው ውስጥ የማያውቁት ዋናተኛ ሸርጣን ገባ። አገራቸው ዋናተኛ ሸርጣን አለ፤ ይህ ግን እሱ አልነበረም፤ በየጎኑ ስድስት ስድስት ጥርስ አለው። ኬሪብዲስ የተባለው፣ የጃፓን፣ የኮሪያና የቻይና ጠረፍ ሸርጣን ሆኖ ተገኘ። በዓለም ሁሉ እንዲህ ያለውን ነገር መጀመሪያ የሚያየው ማለዳ መረብ የሚስበው ሰው ነው። ሳይንቲስቱ ሁለተኛ ነው፤ ያውም ሰውየው መልሶ ካልጣለው። ካርታ ላይ የምናያት የዝርያ ወሰን እንስሳው የቆመበት ብቻ ሳትሆን ተመልካች የቆመበትም ናት። ዩኒቨርሲቲ ባለበት ጠረፍ ነጥቦቹ ይጨናነቃሉ፤ በሌለበት ካርታው ነጭ ነው፣ ሸርጣኑ ግን እዚያም ይዋኛል።

ስለ ጥርስ ካነሣን ዘንዳ መለየት ስላለው ጣጣ ሳልናገር አላልፍም። የስዊድን ሰው ፔተር ፎርስኮል፣ የሥነ ፍጥረት ሊቁ የሊኔዎስ ተማሪ፣ በዴንማርክ ንጉሥ ወጪ ወደ ዓረብ አገር ከተላከ ቡድን ጋር ከምጽዋ ማዶ ያለውን የቀይ ባሕር ዳርቻ አጥንቶ ነበር። በ1763 የመን ውስጥ በወባ ሞተ፤ ከቡድኑ በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ብቻ ነው። የፎርስኮልን ማስታወሻ ኒቡር በ1775 አሳተመው፤ እዚያ ውስጥ አንድ የቀይ ባሕር ዋናተኛ ሸርጣን ተገልጿል። ኋላ የመጡ ሊቃውንት ግን «ይህማ ሊኔዎስ የሰየመው ነው» ብለው ከሌላ ጋር ደባለቁት። የስዊዝ ቦይ በ1869 ተከፈተ፤ በ1898 ሸርጣኑ በግብጽ የሜዲትራኒያን ጠረፍ ተገኘ፣ ከዚያም በፍልስጥኤም፣ በሊባኖስ፣ በቱርክ ጠረፍ ቀጠለ። በነዚህ መዛግብት ሁሉ በተሳሳተው ስም ነው የተጻፈው። ላይ፣ ንግ እና ዴቪ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች በ2010 አንድ ይባል የነበረውን ዝርያ ለአራት ከፈሉትና የፎርስኮል ሸርጣን ስሙ ተመለሰለት። ያኔ የአንድ ክፍለ ዘመን የሜዲትራኒያን መዝገብ እንደ አዲስ መነበብ ነበረበት።

ይህ የቤተ መጻሕፍት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቱኒዚያ ውስጥ ጋቤስ ባሕረ ሰላጤ ከ2014 ጀምሮ በዚህ ሸርጣን ሲወረር፣ መረባቸውን የቀደደባቸውና አሳቸውን የበላባቸው አጥማጆች በታጣቂው ቡድን ስም «ዳዕሽ» ብለው ጠሩት። ጥቂት ቆይቶ እየቀቀሉና እያቀዘቀዙ ወደ እስያ የሚልኩ ፋብሪካዎች ተከፈቱና ጠላት ገቢ ሆነ። እዚያው ቱኒዚያ ደግሞ የእኛ የቼሳፒኩ ሸርጣንም ደርሷል። ሁለቱም በገበያ «ሰማያዊ ሸርጣን» ይባላሉ። አንዱ ከምሥራቅ በቦይ፣ ሌላው ከምዕራብ በመርከብ የመጣ ነው፤ አንዱን ለመከላከል የሚደረገው ለሌላው አይሆንም። መለያው በዓይኖቹ መካከል ያለው ግንባር ነው፦ የቼሳፒኩ ሁለት ጥርስ አለው፣ የቀይ ባሕሩ አራት። ፎቶ ሲነሣ ግንባሩ ካልታየ የሚከተለው ክርክር ማለቂያ የለውም።

ስለ መርከብ ውሃው ዓለም ዝም አላለም። ውሃው ከመደፋቱ በፊት እንዲታከም የሚያስገድደው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2004 ጸድቆ መስከረም 2017 ሥራ ላይ ውሏል። አሥራ ሦስት ዓመት ፈጀ። ሸርጣን በዚህ ጊዜ ውስጥ ብዙ ትውልድ ይወልዳል።

አሁን ወደ ሠፈራችን ልመልሳችሁና ላብቃ። በ2005 ባልቲሞር ዳር ፓታፕስኮ ወንዝ ወደ ቼሳፒክ በሚገባበት ቦታ አንድ እንግዳ ሸርጣን በወጥመድ ተያዘ። ዋናተኛ አልነበረም፤ መቆንጠጫዎቹ ጠጉር የለበሱ የቻይና ሸርጣን ነው፤ በአሜሪካ የአትላንቲክ ጠረፍ ስለ መኖሩ የመጀመሪያው ማረጋገጫ እሱ ሆነ። የያዘው አጥማጅ ቢጥለው ኖሮ ቀኑም ቦታውም አይታወቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ኤጅዋተር ሜሪላንድ ያለው የስሚዝሶኒያን የአካባቢ ምርምር ማዕከል ከሕዝቡ ጥቆማ መቀበል ጀመረ።

ከእናንተ መካከል ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ይዞ ወደ ሳንዲ ፖይንት ወይም ወደ አናፖሊስ ዓሣ ማጥመድ የሚወርድ ብዙ እንዳለ አውቃለሁ። ለእናንተ ያለኝ ቃል አጭር ነው። የማታውቁት ሸርጣን ከገባላችሁ በሕይወት መልሳችሁ አትጣሉት። ፎቶ አንሡት፦ ጀርባውን፣ ግንባሩን፣ ገልብጣችሁም ሆዱን፤ መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ ሳንቲም አስቀምጡ። ቀኑንና ቦታውን እዚያው ስልካችሁ ላይ ጻፉ፤ ድልድዩ አጠገብ ከሆነ ከድልድዩ በየትኛው ወገን እንደሆነ ጨምሩ። ከዚያ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት። ባለቤታችሁ ሥጋው አጠገብ ሸርጣን አይቀመጥም ካሉ በረዶ የሞላ ሳጥንም ይበቃዋል። በማግሥቱ ለማዕከሉ ወይም ለግዛቲቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ደውሉ። አብዛኛውን ጊዜ «የታወቀ ነው» ይሏችኋል፤ እሱም ይመዘገባል።

አሁን ጥያቄ ያላችሁን ልስማ።